ወይራው ሲያብብ

ከፋሲካ ማግስት፣ ወይራው ሲያብብ አፉላ፣
ቢጫ ይለብሳል የመኪናው ገላ፣
የመስኮቱ ጠርዝ፣ የሰጣሁት አንሶላ።
ልጄ ታነጥሳለች።
እቆጥራለሁ፤ ዛሬ ዐሥራ አንድ ደርሳለች።
ስሟን ሮተም አልናት፣ የበረሃ ቁጥቋጦ፣
ይኸው አስለቀሳት ዛፍ በነፋስ መጥቶ።

እኔ ጥበቃ ነኝ፣ በአውቶቡስ ጣቢያው በር፣
ቦርሳ ስከፍት፣ ስዘጋ፣ ሳይ የሰውን ነገር።
ሐኪሟ ራይሳ ሥራዬን ስለምታውቅ
እንዲህ አለችኝ፣ መነጽሯን አውልቃ፣ ሳትስቅ፦
«በልጅህ ደም ደጃፍ ብዙ ዘቦች አሉ፤
ጀማሪ ናቸውና ሁሉን ቁም ይላሉ።
የወይራ ብናኝ እንግዳ ነው፣ ሌባ አይደለም፤
ግን ማን ይንገራቸው? ያስተማራቸው የለም።
ሆድ ውስጥ ደግሞ አሉ፣ ዓይን የማያያቸው፣
በእርጎ፣ በኮምጣጣ የሚገኝ ዘራቸው።
ምናልባት እነሱ፣ ምናልባት ነው ያልኩት፣
አንዱ ጥናት ሲያጸድቅ ሌላው ሲጥል ሰማሁት፣
ለዘቦቹ ሹክ ይላሉ፦ ይህን እለፉት።
ክኒኑን እንዳትተው። እርጎም ሞክሩበት።»

እርጎ! የፋሲካ ዋዜማ፣ እኔው በገዛ እጄ፣
የረጋም የቦካም እንዳይገኝ ከደጄ፣
እንደ አባቴ ሥርዓት፣ እርሾውን ከነቂጡ
ደፋሁት፤ ጠብታ እንኳ ሳልተው በውስጡ።
የሱቁን ገዛሁላት፤ እንጆሪና ስኳር፣
ሥዕል የተሣለበት፤ እርጎነቱ በስም ነበር።

ሰኞ ማለዳ ላይ፣ ከሱላም መንደር የሚመጣ
የሙንዚርን ቦርሳ ስከፍት አንድ ብልቃጥ ወጣ፤
ነጭ፣ ክዳኑ የተነፋ።
«አይፈነዳም፣ የእናቴ እርጎ ነው» አለኝ፤
ሳልፈልግ ሳቅ አመለጠኝ።
ነገርኩት የልጄን። «እንግዲያ ውሰደው፤
እርጎ ከቤት ቤት ሲዞር ነው የሚወልደው።»

ማዘጋጃ ቤቱ ከከረከመው ወይራ
ጭራሮ ለቅሜ፣ መስኮቷን ዘግቼ፣ ሳላወራ፣
ማሰሮዬን አጠንኩ እንደ ድሮው ሙያ፤
በአበባው ያስለቅሳል፣ በጭሱ ያጣፍጣል፤ ምን ይሉት ገበያ!
ወተቱ ረጋ። ሮተም ቀመሰች፣
ፊቷን አጨማደደች፣
«ጎምዛዛ!» አለች፤
ማንኪያውን ግን ላሰች።

ሦስት ሳምንት ሆነን። ዛሬ ዘጠኝ ብቻ። ነፋሱ ዞሮ ይሆናል፣
ክኒኑም ይሆናል፣ እርጎውም ይሆናል፣
ወይም አበባው አልቆ።
ማን ያውቃል ጠይቆ።

ጠዋት ሙንዚር መጣ፣ ቦርሳውን ሊከፍት፤
ደንቡ ማየት ነበር። ሳላይ አሳለፍኩት።
ባዶ ብልቃጡን አጥቤ ሰጠሁት።
«ስንት አነጠሰች?» አለኝ።
በጣቴ ቆጠርኩለት።