የውሉ ጫፍ

ዓመት ሊደፍን ነው፤ ዐሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል፤
የቀኝ እጄ አንጓ ዛሬም ዝናብ ሳይመጣ ያውቃል።
ከሞቢል ማያሚ፣ ሌት ሙሉ በአውቶቡስ፣
ቲኬቱን ጉያዬ ይዤ፣ ቢሮዎ እስክደርስ
ዐይኔ አልተከደነም።

ወይዘሮ ኩዌርቮ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፤
ሠላሳ ስምንት ዓመት የነርሶች ጋዋን፣ የፖሊስ ኮሌታ
አልፏል በመርፌዬ፣ አልፏል በዐይኔ።
የተተበተበ ክር ሲሰጡኝ አልቆርጥም፤
ውሉን እፈልጋለሁ፤ ውል የሌለው ክር የለም።
ይኸኛው ግን፣ እመቤቴ፣
በቲኬቱ ጀርባ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ በደቀቀ ፊደል፣
ውል አለ ይላሉ። ማን ያግኘው የሱን ውል?

«ዓመት ሳይሞላብሽ፣ ቅሬታ ካለሽ ክሰሺ፤
ያውም እዚህ ማያሚ፤ ሌላ ዳኛ አትሺ።»
ቤቴ አላባማ ነው፤ መርከቡ ላይ የባሃማስ ባንዲራ፤
የወደቅሁበት ውሃ የማንም ነው፤ ስሙን ማን ይጥራ?

የእህቴ ልጅ ላቮንዳ ናት ቲኬቱን የገዛችልኝ፤
«አክስቴ፣ አንድ ሳምንት እንኳ ሌላ ሰው ያብስልልሽ» ብላኝ።
በሦስተኛው ቀን፣ ዘጠነኛው ፎቅ፣ ለቁርስ ስወጣ፣
ንጋት ነበር፤ ወለሉ በራ፤ ወርቅ ነው አልሁ በልቤ፤
ሰም ኖሯል የረገጥሁት።
ሰማይና ባሕር ተገለባበጡ ከአጠገቤ።
አንጓዬ ጮኸ፤ ጆሮዬ ወዲያው ለየው፤
ማሽን ላይ መርፌ ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ነው።

ክሊኒካቸው ተኝቼ፣ በማስታገሻ ደንዝዤ፣ ወረቀት አመጡ፤
«ጥፋቱ የኔ ነው፣ የጫማዬ ነው» የሚል፤ ብዕርም ሰጡ።
ፈረምሁ። በግራዬ።

(እዚህ ላይ እርስዎ ሳቁ።
«በግራ?» ብለው ደግመው ጠየቁ።)

አዎ፣ በግራዬ። ፊርማው
ሕፃን ልጅ መጀመሪያ የሰፋችውን ጠርዝ ይመስላል፤
የኔ እጅ እንዳልሆነ ማንም ልብስ ሰፊ ያያል።

«ምስክርስ?» አሉኝ። ውል አለኝ አንድ ፊት፤
መወልወያ በእጁ፣ ሮዴል የሚል ስም
በደረቱ ላይ ተጣሞ የተሰፋበት።
ጃኬቱን አውልቆ ከክንዴ ስር አነጠፈና፣
ጣሪያው ላይ ያለውን ካሜራ አየት አደረገና፣
«ትናንትም አንድ ሽማግሌ እዚሁ ወድቀዋል፤
ለአለቆቼ ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ» አለኝ በሹክሹክታ።

እርስዎ ብዕርዎን አነሡ። እኔ አፌን ዘጋሁ።
ያ ልጅ የሚያሳድጋቸው አሉት።
የኔን ልጥፍ ብዬ የሰው ልብስ ልቅደድ?

ይቅርታ ብዬ ኮሪደር የወጣሁት ለዚህ ነው።
ላቮንዳ ኢሎይሎ ድረስ በስልኳ አፈላልጋ አግኝታዋለች፤
በግራ አውራ ጣቴ ጻፍሁለት፦
«ስምህን ልጥራ፣ ወይስ ልተወው?»
እዚያ ሌሊት ነው። አርባ ደቂቃ ቆሜ ጠበቅሁ፤
የጽዳት ሠራተኛዋ በዙሪያዬ ወለወለች፤ እግሬን አነሣሁላት።

መልሱ መጣ፦
«ወይዘሮ ቨርላይን፣ የኔ ውል በመጋቢት አለቀ፤ አላደሱልኝም።
አሁን ከአጎቴ ጋር ዓሣ አጠምዳለሁ። ስሜን ይጻፉት፤
ከዚህ ጀልባ ማንም አያባርረኝም።»

የሱ ውል ሲያልቅ የኔ ውል ተገኘ።

ስሙን ፊደል በፊደል ነገርሁዎት። ጻፉት።
ካሳው ይገኝ አይገኝ እርስዎም አልማሉም፤
«ባለመርከቦቹ አንድ ፎቅ ሙሉ ጠበቃ አላቸው» አሉ እንጂ
ተስፋ አልሸጡልኝም። ለዚህም አመሰግናለሁ።

አሁን መናኸሪያ ነኝ። የኮቴ ቁልፍ ላልቷል።
ክሩን በከንፈሬ አርሼ፣ መርፌውን ጉልበቴ መሐል ሸጉጬ፣
በግራ እጄ አምስት ጊዜ ሳትሁ።
ስድስተኛውን ስሞክር አውቶቡሱ ተነሣ።