ቅይጥ መልመጃ

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ የመጨረሻውን ጭኜ፣
ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ድምፄ ዘግቶ፣ ባክኜ፣
ስልሳ አራቱን ደረጃ አንድ በአንድ ወጣሁት፤
መቁጠር አይለቀኝም፣ የረዳት ነገር ምን ታውቁት።

መብራት የለም። ኮዬ ፈጬ ከብሎክ እስከ ብሎክ ጨልሟል፤
የስልኬ ባትሪ ብቻ በስኳር ጣሳ ላይ ቆሟል።
እህቴ ራውዳ መሬት ላይ፣ ደብተሯን ዘርግታ፤
ሰኞ ሚኒስትሪ ነው፤ ውላለች ራቷን ረስታ።

«ቅይጥ መልመጃ» ይላል፣ በቀይ ያሰመረችበት፤
ክፍልፋይና መቶኛ፣ አሉታዊ ቁጥር ያለበት።
እንደኛ ሚኒባስ ነው፦ ማን ከማን እንደሚቀመጥ
ሳይጠየቅ የተጫነ፣ ዶሮው ከቅርጫት ጋር ቅይጥ።

«ሸምሱ፣ ይሄን እይልኝ። ግማሽ ሲደመር ሲሶ።»
ከላይ አንድና አንድ፣ ሁለት፤ ከታች ሁለትና ሦስት፣ አምስት፤
ሁለት አምስተኛ ብላለች፣ ወረቀቱ እስኪበሳ ተጭና።

እኔ «ወራጅ አለ» ያልኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው።
ግን የሰው መልስ ስመልስ ዓይኔ ብቻውን ተምሯል።
«ግማሽ ዳቦ ነበረሽ። ሲሶ ጨመርኩልሽ።
እንዴት ከግማሽ ያነሰ ይዘሽ ወጣሽ ከሱቁ?»
ላጲሷን ነከሰች። ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች።
ስድስት ላይ አገናኘቻቸው፦ ሦስትና ሁለት፣ አምስት።
አምስት ስድስተኛ። ዳቦው ሊሞላ ትንሽ ቀረው።

አሉታዊ ሰባት ሲደመር አራት፦ ይሄማ የቤታችን ነው።
ከጋሽ ነስሩ ሱቅ ሰባት መቶ ዱቤ አለብን፤
አራት መቶ ብንከፍለው እንኳ
ሦስት መቶው ከነስማችን እዚያው መዝገቡ ላይ ያድራል።

«አሥራ ሁለት ኤክስ፣ ሲቀነስ መቶ አርባ፣ እኩል ይሆናል መቶ።»
እዚህ ላይ ቆምኩ። ፊደል ምን ይሠራል ቁጥር መሃል ገብቶ?
ከፍሏል? መልስ አለው? የት ነው የሚወርደው?
«የማይታወቅ ነው» አለችኝ።
ከማይታወቅ ሰው ሂሳብ እንዴት ይቀበላሉ?

«መቶ አርባው ይሻገር፤ እኩል ምልክቱን ሲያልፍ
ተቀናሹ ይደመራል።»
ይህን አውቃለሁ! ወሰኑን ስንሻገር
ያው አስፋልት፣ ያው ጉድጓድ፣ ታሪፉ ግን ሌላ ነው።
«ሁለት መቶ አርባ። ለአሥራ ሁለት አካፍል።»

ሃያ።

ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተንጠልጥዬ የጮኽኩት ሃያ፣
«ሃያ፣ ሃያ፣ ዝርዝር ያላችሁ!»
እሱ ኖሯል የማይታወቀው።

«አሥራ ሁለት ሰው፣ ሃያ ሃያ፤ ነዳጁ ወጣ፤ መቶው የሹፌሩ።
የረዳቱስ የት ተጻፈ?»
ገጹን ገለጠች። መለሰች። ጀርባውንም አየች።
«አልተጻፈም» አለች፤ «ዋይ እንበለውና እኛ እንጻፈው።»

ባትሪው ስድስት በመቶ ላይ ነው፤ መቶኛው ገና አልተነካ።
እርሳሱን ወደኔ ገፋችው፣
ስንት ሺህ ሰው ያጣበብኩበትን ቃል መልሳ ለኔው፦
«ጠጋ በል።»