የአባታችን መዶሻ

እህቴ ቨርና የተማሪ አውቶቡስ ሾፌር ናት፤
ሃያ ሁለት ዓመት ያ ቢጫ መኪና ጋራውን ያዞራት።
ባለፈው መጋቢት፣ በረዶው ከጣሪያ ሳይቀልጥ፣
ከማዕድ ቤቴ በር ቆማ፣ ሳትቀመጥ፣
«ለግዛቱ ምክር ቤት ልወዳደር ነው» አለች።
ሳቅሁ። እሷ ግን ጓንቷን አወለቀች።

«በየትኛው ወገን?» አልኩ፣ መልሱን እያወቅሁት፤
«አባታችን ቢሰማ፣ የማኅበሩ ሰው...» ብዬ ጀመርሁት።
«አባባ ሞቷል። ብረት ፋብሪካው ሞቷል። ማኅበሩም ሞቷል፤
ያንተ ሰዎች ለቀብራቸው የላኩት አበባ ደርቋል።»

እሷ እንዲህ ታምናለች፤ ግብር ሲከብድ ጎጆ ይጎብጣል፣
መንግሥት እጁ ሲረዝም የጎረቤት እጅ ያጥራል፣
ጠመንጃ ከቁም ሣጥን፣ መጽሐፍ ከራስጌ አይጠፋም፣
ያልተወለደ ልጅ ቢሆን ሰው ከመባል አይጎድልም።
እኔ ሌላ አምናለሁ። በገና ማዕድ ስንት ዓመት ተጣልተን
ሾርባው ቀዘቀዘ፣ እናታችን «ብሉ» እያለችን።

«ድምፄን አትጠይቂኝ» አልኳት። «መች ጠየቅሁህም!
መዶሻህን አውሰኝ፤ የዴልበርት አይረባም።»
ሰጠኋት። የአባታችን ናት፤ አራት ፓውንድ ክብደቷ፣
የእጁ ላብ ያጠቆራት ከእጀታ እስከ አናቷ።
ሰሌዳዎቿን ስትተክል እኔው ነኝ የያዝኩላት፤
ስሟ እንዳይጣመም ብዬ እንጂ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም አልኳት።

ሐምሌን ሙሉ በር አንኳኳች፤ እኔ በፒካፔ አደረስኋት።
አድራሻ አታውቅም፤ ልጆቹ ናቸው ቤቱን የሚያሳዩዋት፤
«ይኼ ሁልጊዜ የሚያስመልሰው፣
ያ ደግሞ ውሻው ጎማዬን ካላባረረ የማይተኛው፣
ያኛው ኅዳር ሲገባ ጣቱ የሚሰነጠቀው።»
ከዚያኛው በር ስትደርስ ድምፅ አልጠየቀችም፤
በሐምሌ ወበቅ የሱፍ ጓንት ሰጥታ ተመለሰች። ለማንም አልነገረችም።

ከሃሪስበርግ መጡ ሁለት የፓርቲዋ ሰዎች፣
ጫማቸው ጭቃ የማያውቅ፣ ስልካቸው የማያርፍ ጎረምሶች።
የጻፉላትን አነበበች፣ መነጽሯን በጣቷ ገፍታ፣
አንዱ መስመር ላይ ስትደርስ በእስክሪብቶ ሰረዘች፣ በዝምታ።
ስለ መጤዎች ነበር። «ሦስቱ አውቶቡሴ ላይ አሉ፤
ሲወርዱ ‹አመሰግናለሁ› ይሉኛል። የናንተ ልጆችስ ይላሉ?»

በእሳት አደጋ አዳራሽ፣ በፓስታው እራት ማታ፣
ንግግሯን ጀመረች፣ ማይኩን መታ መታ አድርጋ፣ ፈርታ፤
«ድልድዩ ከተዘጋ ስድስት ዓመት። ልጆቹ በጨለማ ይነሣሉ።
እነሱ ያስጠናሉ፣ ያስለካሉ፣ ደግሞ ያስጠናሉ።»
ከዚያ ጠፋት። ወረቀቷን ፈለገች። ሳል ያዛት።
ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ንጂው ቨርና!» አላት።

ኅዳር ገባ። የምርጫው ጣቢያ የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነው፤
እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሯል፣ ሰው እንዳይወስደው።
ስሟን አየሁት። ከሥሩም የጠበቃውን፣ የትሬሜይንን።
ብዙ ቆምሁ። ምን እንዳጠቆርሁ ሆዴ ይፍጀው፣ አትጠይቁኝ ይኼንን።

ሰፈሩ ውጤት ሲጠብቅ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተኛች፤
በሁለት መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ እንደ ተሸነፈች
ዴልበርት ነው የሰማው። አልቀሰቀሳትም።
ንጋት አሥራ አንድ ላይ ሞተሩ ተነሣ፤ አንዲት ደቂቃ አልዘገየችም።

ቅዳሜ ሰሌዳዎቹን ነቀልን፣ መሬቱ ጠጥሮ እንደ ድንጋይ፤
ያወራነው ስለ ጥርሷ ሕመም፣ ስለ ናፍጣ ዋጋ፣ ስለ ሰማይ።
መዶሻዋን መለሰችልኝ። እጀታዋን በአዲስ ፕላስተር ጠቅልላለች።
«ማንን መረጥህ?» ሳትል ሄደች።

እኔም አንድ ሰሌዳ ደብቄ አስቀረሁ።
የውሻዬ ቤት ጣሪያ ያፈስ ነበር፤ ቆርጬ ገጠምሁ፣
ስሟን ወደ ውስጥ አዙሬ በዚያችው መዶሻ መታሁ።
አሁን አያፈስም።
ውሻው ከስሟ ሥር ይተኛል፤ እሱም ለማንም አይናገርም።