ጠብቂኝ

ጠብ ሲነሳ ያየህ መፍቻውን ያነሳል፤
አራት ፎቅ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣
የማያፈሰውን የውሃ ቦይለር ሊያጠብቅ፤
እኔ ከደረጃው ሥር ቆሜ ስጮህ፣ ስጠይቅ።
አማርኛው ሲያዘገየኝ፣ ይሉኝታው ሲይዘኝ፣
ዕብራይስጡን እመዛለሁ፣ እሱ ነው የሚፈጥንልኝ።
ማዳም ሱሊካ በሯን ከፈት አድርጋ ታየኛለች፤
ትዘጋዋለች። ለምዳናለች።

የሰሞኑ ነገር ሦስት ሺህ ሸቀል ነበር፣
ሳይነግረኝ ለወንድሙ ያበደረው ብር።

እኔ ቁጣዬ ሾርባው ሳይበርድ የሚያልፍ፣
እሱ ቃሉን እንደ ሽምብራ ሦስት ቀን የሚዘፈዝፍ።
ዝምታው ለእኔ ንቀት፣
ጩኸቴ ለእሱ የፍቺ ወረቀት፤
አሥራ አንድ ዓመት።

ዛሬ ግን ዓርብ ነው። ፀሐይ በአፉላ ሜዳ ስታዘቀዝቅ፣
ሰንበት ከጠብ ጋር እንዳይገባብኝ ወጣሁ።
መፍቻው ጭኑ ላይ ተኝቷል፣ ምንም ሳያጠብቅ።
ከንፈሩ ብቻ ይላወሳል፤ ይለማመዳል፣
እንደ ተማሪ ለፈተና ቃል ይደጋግማል።
«ጠብቂኝ» አለኝ ሳይዞር፣ «ሦስተኛው ቃል ላይ ነኝ።»
ተቀመጥኩ። ምላሴን በጥርሴ ያዝኩ። ዝምታው ፈጀኝ።

«ወንድሜ...» ብሎ ጀመረ፤
ቀደምኩት።
መፍቻውን አነሳ።
አየኝ።
መልሶ አስቀመጠው።