በሁለተኛ ማርሽ

ይህን መንገድ እኔ በጎማ ነው ማውቀው፣
ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ስወጣው ስወርደው፤
የትኛው ኩርባ ላይ አይሱዙ እንዳደረ፣
የት ላይ አስፋልቱ እንደተቦረቦረ፣
የት ጉሙ ቁጭ ብሎ ሰው እንደሚጠብቅ፣
ተኝቼም ብጠየቅ መልሱ የማይርቅ።

ዛሬ ግን በእግሬ ነው። ደረቴ ላይ ታርጋ፣
አራት መቶ ስድስት፣ መርፌ ቁልፉ ላልቶ
ነፋስ ባነሳው ቁጥር ሆዴን የሚወጋ።
ቀኝ ጉልበቴም ያው ነው፤ ፍሬን የሚረግጠው።
ከሎሚው ሥር ገብቶ አንድ እንግዳ አለ፣
ሌሊት የሚያንኳኳ፣ «ማነው?» ሲሉት ዝም ያለ።

ወጌሻው አሸና «ዞሮብሃል» አለኝ፤
ሐኪሙ ፎቶ አንስቶ «ምንም የለም» አለኝ፤
ዘምዘም ካልሲዬን ጥንድ ጥንድ እያጣጠፈች
«በሽታህ አርባ ሦስት ነው» ብላ ሳቋን ዋጠች።
«ቅር» ግን አላለችኝም። ታውቀኛለች።

ፒያሳ፣ ገና በጠዋት። ጦሳ ፊቱን አልታጠበም።
ከጎኔ የቆሙት ልጆች ጉልበታቸው አዲስ፣
እንደ መኪና ወንበር ላስቲኩ ያልተላጠ፤
አንዱ «ፋዘር፣ እርስዎም?» ብሎኝ ፈገግ አለ፤
ፊሽካው ሲነፋ አየሁት፣ የጫማው ሶል እስኪታየኝ ሮጠ።

እስከ ዶሮ መዝለያ ደኅና ነበርኩ፣ እውነት።
ቦርከና በጎኔ ቁልቁል ይወርዳል፣
እሱን ማንም «ጉልበትህስ?» ብሎ አይጠይቀው፤
ከኋላችን ደግሞ የደከመ ሊያነሳ
የሚከተል ሚኒባስ አለ፤ የኔው መኪና ነው።
ረዳቴ አረቡ በበሩ ተንጠልጥሎ
«ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው!»
ይቀልዳል። ወንበሩ ግን እውነት ባዶ ነው፤
ልባሱን ባለፈው ሳምንት ራሴ ነኝ ያሰፋሁት፣
እንደሚመች አውቃለሁ። ላለማየት አየሁት።

ሐረጎ። ጉሙ ቁጭ ብሏል፣ በተለመደው ቦታ።
ከዚህ በኋላ ቁልቁል ነው፣ ኩርባ በኩርባ ላይ።
ዳገት ያስለምናል እንጂ ሰው አያዋርድም፤
ቁልቁለት ነው በየርምጃው ሒሳብ የሚቀበል፣
ሳንቲም የማይተው፣ «መልስ የለኝም» የሚል።
አማርኛ ብልጥ ነው፤ «ጉልበት» ብሎ ጠርቶ
አጥንቱንም አቅሙንም በአንድ ስም አስሮታል፤
አንዱ ሲያነክስብህ ሌላው የት ይሄዳል?

እንግዳው አንኳኳ። ደግሞ አንኳኳ። በሩን ሊሰብረው።
አረቡ ዝም አለ። መጥራቱን ተወው።
ያኔ ትዝ አሉኝ ጋሽ ሙህዬ፣ መሪ ያስጨበጡኝ፣
የኤንትሬ ሹፌር፣ ጥርሳቸው በሲጃራ የበለዘ፤
«ይመር፣ ቁልቁለት በማርሽ እንጂ በፍሬን አይወረድም፤
ፍሬን ይግላል፣ ይሸታል፣ አንድ ቀን ትረግጠዋለህ፣ የለም።»

ሸተተኝ። የገዛ ፍሬኔ።
ማርሽ ቀነስኩ። ሁለተኛ። እርምጃዬን አሳጠርኩ፣
ልጅ የተኛበት ቤት አምሽቶ እንደሚገባ ሰው
ቶሎ ቶሎ፣ ቀስ ቀስ፣ ወለሉ እንዳይጮህ እያልኩ።
አንዲት የነርስ ተማሪ አለፈችኝ፤
አንድ የመስጊድ ሙአዚን፣ ካባውን ቤት ትቶ፣ አለፈኝ፤
በቆሎ ጠባሽዋ «አብሽር፣ አብሽር አባቴ!» አለችኝ።

አልዳነም፤ አልዋሽም። እያንኳኳ አብሮኝ ወረደ።
ተሳፋሪ ሁሉ ሹራብ በሚያወልቅባት ኩርባ
ሙቀቱ ከታች ወጥቶ ፊቴን ዳበሰኝ።
ስደርስ ገመዱን እየጠቀለሉት ነበር፤
ሜዳሊያው አልቋል፤ «ስምዎን ይጻፉ፣ ይመጣል» አለኝ ልጁ፤
ጻፍኩ። እስክሪብቶውም አልጻፈም።

ሰኞ፣ ሐረጎ ላይ፣ ዐሥራ ሁለት ሰው ጭኜ፣
ቀኝ እግሬን ላነሳ ስል ያ እንግዳ አንኳኳ።
«ማነው?» አላልኩትም።
ማርሽ ቀነስኩ፤ ሞተሩ ጮኸ፤
ከኋላ አንዲት ሴት «ሹፌር፣ ዛሬስ ምነው ቀስ አልክ?» አለች።
አረቡ ብቻ፣ ሒሳብ እየሰበሰበ፣
ቀና ብሎ በመስታወቱ አየኝ።