መቅዘፍ ሲቆም

ሐምሌ ነው።
ፔዳ ግቢ፣ ቆርቆሮው በዝናብ ሲደበደብ፣
ዶክተር አንለይ ሲናገር ከንፈሩን ነው የምናነብ።
ሃያ ሦስት ነን፣ ከየትምህርት ክፍሉ የተለቃቀምን፣
ባዮሎጂው ከፊዚክሱ ባንድ አግዳሚ የተጣበቅን።
ትርንጎ ሴል ትስላለች፣ ክብ፣ እንደ ሎሚ፣ አሳምራ፤
ዳንጋሞ የዱራሜው፣ "ስንት ግራም ነው? በምን ጉልበት የሚሠራ?"
"ነፍስ ያለው እኮ ነው" ትለዋለች፣ "ብሎን አይደለ።"
"ነፍስ ያለውም ይመዘናል" ብሎ ስሌቱን ቀጠለ።

እኔ ጥጉ ላይ ነኝ። ስሜን እንጂ ሰፈሬን አልነገርኩም።
"ከየት ነሽ?" ሲሉኝ "ከዚሁ" አልኩ፤ አልዋሸሁም፤
የደንገሉን መንደር ግን፣ ያባቴን መዳፍ፣
ጓሯችን የሚሰጣውን አሣ፣ አልጨመርኩም።

በሦስተኛው ቀን ዶክተሩ አንዲት ባክቴሪያ ሣለ፣
ጅራቷን እንደ ሽቦ አጠማዞ፣ "ለሷ ውኃው ማር ነው" አለ።
"ወፍራም ማር። መቅዘፍ የተወች ዕለት
ያቶም ስፋት ታህል እንኳ የላት መንሸራተት፤
የትናንት ግፊቷ ለዛሬ አይተርፋት፤
እዚያ ዓለም ውለታ የለም፣ ጉልበት ብቻ ነው፣ አሁን ያላት።"

እጄ ሳላዘው ተነሣ።
"ያባቴ ታንኳ ግን" አልኩ፣ "እሱ ቢያርፍም ትሄዳለች።"
ክፍሉ ዞሮ አየኝ። ትርንጎ እርሳሷን አስቀመጠች።
"ስንት ሜትር?" አለኝ ዶክተሩ።
ጥርሴን የነቀልኩባት ታንኳ፣
አንድ ቀን ቆጥሬላት አላውቅ ለካ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ወረድን ወደ ዳር።
አባቴ ሙህዬ ሸሚዙን እስካንገቱ ቆልፎ ይጠብቀን ነበር።
"ለምርምር ነው" ብዬው አድሬ፣
ለታንኳዋ አዲስ ደንገል ጨምሯል፤ እንደሚዳር ልጅ ኩሏታል፣
ደንገሉ ገና አረንጓዴ ነው፣ እርጥብ እርጥብ ይሸታል።
ትርንጎ የናሙና ጠርሙስ፣ ዳንጋሞ ባለ ቋጠሮ ገመድ፣
እኔ የስልኬን ሰዓት፤ ዶክተሩ ከዳር፣ ጥላውን ዘርግቶ፣ ጭቃ ላይ።

እምቦጩን በቀዘፋው ገለል እያደረገ አሳለፈን።
ትርንጎ አንዱን ነቅላ እብጠቱን ሰነጠቀች፤
"አየር ነው! ተንሳፋፊ ሳንባ!" አለችን።
አባቴ ዞር ሳይል፣
"ሳንባውማ ለሱ ሆነና፣ እኛ ትንፋሽ አጣን።"

"አሁን አቁም!" አልኩት።
ቀዘፋውን አነሣ። ከጫፉ ውኃ ጠብ፣ ጠብ።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘናል።
አንዲት ጥቁር ወፍ አንገቷን ብቅ አድርጋ
አየችንና መልሳ ሰጠመች።
ሰባት። ስምንት።
ዘጠኝ ስል ታንኳዋ ቆመች።
ዳንጋሞ ቋጠሮዎቹን ለቀመ፦ "አራት ሜትር ከሃያ።"

"ምኑ ይገርማል?" አለ አባቴ።
"ውኃው እኮ ያውቀኛል። አርባ ዓመት ቀዝፌበታለሁ።"
ዳንጋሞም፣ ያ ሁሉን መዛኙ ዳንጋሞ፣
ክብደት፣ ፍጥነት፣ ርዝመት ካለበት ሰንጠረዥ ግርጌ
ጻፈው፦ "ውኃው ያውቀዋል። አርባ ዓመት።"

ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ።
አሮጌውን ማይክሮስኮፕ፣ ባለ መስታወቱን፣ መስኮት ስር ጎተትን፤
ከደመናው የምትሾልከውን ብርሃን ለቅመን
የሐይቁን ጠብታ አበራን።
አባቴን "ና እይ" አሉት። እግሩን በር ላይ ሦስቴ ጠረገ።
ጎንበስ አለ። አንድ ዓይኑን በመዳፉ ከደነ።
ብዙ ቆየ።
"እነዚህ ሁሉ እኔ ውኃ ውስጥ ናቸው?"
"ውስጥ ናቸው።"
"አያርፉም?"
"ካረፉ እዚያው ይቀራሉ" አልኩት።
"እንደ ድሃ" አለ፤
ቀና ብሎ ዓይኑን አሸ፣ ለሚቀጥለውም ቦታ ለቀቀ።

ማታ በሻማ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤
የታንኳዋን ክብደት፣ የውኃውን ውፍረት አባዛለሁ፣ አካፍላለሁ።
ቁጥሩ ይመጣል። ይስማማል፤ አራት ሜትር፣ ምናምን።
ከግድግዳው ወዲያ አባቴ ያስላል።
እሱ ቀዘፋውን ያነሣ ዕለት
እኔ ስንት ሜትር እሄዳለሁ?
ይህን ዶክተር አንለይ አላዘዘንም።
ሻማው ሲያልቅ መብራት መጣ፤
ዝናቡም።