ሀረጎ በቃል

ደሴ ላይ ጉም ወርዶ ጦሳን ሸፍኖታል፣
መብራት ሄዶ መጥቶ ኔትወርኩ ይጎተታል፤
አርባ ሁለት ምስል ከሥሩ ባዶ ነው፤ ቃሌን ይጠብቃል።

መጀመሪያ ሰሞን እንደ ዕዳ ቆጥሬው፣
"ምስል አንድ"፣ "ምስል ሁለት" እያልኩ አሳጥሬው፣
ከፊሉንም ትቼው ካሜራው በሰጠው ቁጥር ውስጥ ቀብሬው፣
ጫንኩት ለተማሪ።

ደወለች መዲና፤
"መምህር፣ ስልኬ ሲያነብልኝ ጆሮዬን ሰጥቼ፣ ስሰማ በጽሞና፣
'ዜሮ ዘጠኝ አራት፣ ሰረዝ፣ ሰባት፣ ነጥብ' ይለኛል እንደገና።
ይሄ የማን ስልክ ነው? ልደውልለት ወይ?" ብላ ሳቀችና
ዘጋችው።

ያን ዕለት አፈርኩኝ።
ያፈረ ሰው ደግሞ ማብዛት ይወዳል፤
ቃሉን እንደ ጥጥ ሲያባዝት ያድራል።
"ሰማያዊ ሰማይ፣ ነጫጭ ደመናዎች፣
ዐይን የሚማርኩ ለምለም ተራሮች፣
ከሥር የሚታዩ የቆርቆሮ ቤቶች፣
በስተግራ በኩል የቆመች ባጃጅ፣ ከጎኗም ልጆች . . ."
ጻፍኩ፣ ጻፍኩ፣ ጻፍኩ።
ስልኩ ሲያነብላት ሻይዋ ቀዘቀዘ፣
ባትሪዋም ተሟጦ መንጫጫቱን ያዘ።

"ባጃጇ ፈተና ላይ ትመጣለች እንዴ?" አለች በማግስቱ፤
"ዐይን የሚማርክ ይማርክ፣ ግድ የለም፤ ምኑ ነው ትምህርቱ?
ምዕራፉ ስለ ስምጥ ሸለቆ አይደል ወይ? ታዲያ መሬቱ
የት ጋ ነው የሚሰበረው? የት ነው ቁርጠቱ?"

ፎቶውን ከፈትኩት።
ቀይ መስመር አለበት፤ እኔው ነኝ በእጄ ከላይ ያሰመርኩት፤
ደመና ስቆጥር፣ ባጃጅ ስለቅም ነው እሱን የዘለልኩት።

አጠፋሁ ሰማዩን፣ ልጆቹን፣ ባጃጇን፤ እንዲህ አልኩ በምትኩ፦

    "ቀዩ መስመር የመሬቱን ከፍታ ከጎን ያሳያል።
    ደሴ ላይ ከፍ ብሎ ይጀምራል፤
    ሀረጎ ላይ በድንገት ቁልቁል ይሰበራል፤
    ኮምቦልቻ ሲደርስ ሜዳ ይሆናል።"

ዝም አለች ለአፍታ።
"አሃ! ሚኒባስ ውስጥ ጆሮዬ ድፍን የሚል፣
አየሩ ቀዝቅዞ 'መስኮት ዝጉ' የሚባል፣
ሾፌሩ ሲጠመዝዝ ሆዴ ወደ ጎን የሚል፣
እዚያ ላይ ነዋ!"
ደግሞ ቀጠለች፦ "ግን እርስዎ ደሴ ቆመው 'ቁልቁል' ይላሉ፤
እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፤ ለእኔ ዳገት ነው መንገዱ በሙሉ።"

እውነቷን ነው።
ሃያ ሁለት ዓመት ጠመኔ ስጨብጥ፣ ካርታ ስዘረጋ፣
ማንም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልጠየቅሁም የቆምኩት የት ጋ።

አረምኩት፦
    "ስብራቱ ሀረጎ ላይ ነው፤
    ከደሴ ለሚወርድ ቁልቁለት፣
    ከኮምቦልቻ ለሚወጣ ዳገት።"

ባልደረባዬ አደፍርስ "ላንዲት ልጅ ብለህ ነው?" ይለኛል በሹፈት፤
ምን እንደምመልስ ጠፍቶኝ ነበር እኔም። ግን በዚያው ሳምንት
ኔትወርክ የራቀው አንድ የደላንታ ልጅ፣ ምስሉ አልወርድ ብሎት፣
ቃሉን ብቻ አንብቦ ስለ ሀረጎ ጠየቀኝ፤ ያውም በጥልቀት።
ለአደፍርስ አልነገርኩትም። ይድረስበት።

አሁን ስጽፍ ቀድሜ ምስሉን እጠይቃለሁ፦
"ምን ልታስተምር መጣህ?" መልስ ከሌለው አልፈዋለሁ፤
ገጹን ለማሳመር ዳር ዳሩን የሳልኩትን የአበባ ሐረግ
ባዶ ትቼዋለሁ፤ ስልኩ ዝም ብሎ ይለፈው፤ ምን ያደርግ?

ዛሬ ተራው የቦርከና ነው፤ ክረምት ላይ ሞልቶ።
"ቡናማ ውሃ" ብዬ ጀመርኩና ተውኩት፤ እጄ ፈርቶ።
ቡናማ ምኗ ነው?

ደወልኩ፦ "መዲና፣ ወንዙ አንቺ ጋ ነው፤ ሲሞላ ምን ይላል?"
አልመለሰችልኝም።
የመስኮት መቀርቀሪያ ሲነሣ ይሰማል።